በውል የሚፈስ ወንዝ

ሰኔና ሐምሌ ላይ ሚልክ ሪቨርን በካኑ የሚወርድ ሰው ከሥሩ የሚሄደው ውኃ አብዛኛው የወንዙ የራሱ አይደለም። ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ከሌላ ወንዝ ተጠልፎ፣ በቦይ ተጉዞ፣ ሸለቆውን በብረት ቱቦ ተሻግሮ የተቀላቀለ ነው። ይህ ወንዝ በደቡብ አልበርታ፣ የካናዳንና የአሜሪካን ድንበር ጥግ ጥጉን ይዞ ይሄዳል። በተፈጥሮው ቢተው በበጋው አጋማሽ በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሜትር ኩብ ብቻ ነበር የሚያወርደው፤ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገረዋል ማለት ነው። ቦዩ ሲከፈት ግን ከ10 እስከ 20 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ድንኳንና ስንቅ የጫነ ካኑ ለቀናት መጓዝ የሚችለው በዚያን ጊዜ ነው።

አስጎብኚያችን ይህን የነገረችን ጀልባዎቹ ገና ከተጎታቹ ሳይወርዱ ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠየመው፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ስልኳን አውጥታ በሚልክ ሪቨር ከተማ የተተከለው የውኃ መለኪያ በዕለቱ ምን እንዳነበበ አሳየችን። «ዛሬ አሥራ አምስት ነው፤ ጥሩ ውኃ ነው። ከአሥር በታች ቢሆን ኖሮ ከድንጋይ ድንጋይ እየታከክን ነበር የምንወርደው» አለች።

አብረውኝ የመጡት ጎረቤቴ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። ጣና ዳር ተወልደው፣ ደንገል እያጨዱ ታንኳ ከሚያስሩ ዘመዶች ጋር ያደጉ፣ ኋላም ካልጋሪ መጥተው ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ይኸ ውኃ ታዲያ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አስጎብኚዋ ፈገግ አለችና «ማታ እሳት ዳር እነግርዎታለሁ፤ አጭር መልስ የለውም» አለቻቸው።

ከካልጋሪ እስከ ሚልክ ሪቨር ከተማ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌትብሪጅ በኋላ መንገዱ ሚልክ ሪቨር ሪጅ የሚባለውን ረጋ ያለ ከፍታ ያቋርጣል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከፍታውን ላያስተውለው ይችላል፤ ስንዴና ሣር፣ ሰማይና ሽቦ አጥር ብቻ ነው የሚታየው። ነገር ግን ከዚያ በስተሰሜን የወረደ ዝናብ ወደ ሃድሰን ቤይ ይሄዳል፤ በስተደቡብ የወረደው በሚልክ ሪቨር ወደ ሚዙሪ፣ ከሚዙሪ ወደ ሚሲሲፒ፣ በመጨረሻም ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይጓዛል። በአልበርታ ካሉት ዋና ዋና ተፋሰሶች ውኃውን ወደዚያ ባሕረ ሰላጤ የሚልከው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ከተማዋ ራሷ ከ1,000 ያነሰ ሕዝብ ያላት የገበሬና የከብት አርቢ መንደር ናት። የጉዞው መነሻ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ መድረሻው ደግሞ ራይቲንግ ኦን ስቶን የሚባለው የአልበርታ ክፍለ ሀገር ፓርክ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መቅዘፍ አይደለም፤ መጫን ነው። ካኑዎቹ አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ምግቡ ክዳናቸው በብረት ቀለበት በሚቆለፍ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ይገባል፤ ልብስና መኝታ አፋቸው ሦስት ጊዜ በሚጠቀለል ውኃ የማያስገቡ ከረጢቶች ይታሸጋል። ከሁሉ የሚከብደው የመጠጥ ውኃ ነው። ወንዝ ላይ እየሄዱ ውኃ መሸከም መጀመሪያ ግር ይላል፤ ግን የዚህ ወንዝ ደለል በጣም ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያ ቶሎ ይደፍናል። ስለዚህ ጀሪካኖቹ ከጀልባው መሐል፣ ከወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። ከባዱ ነገር ዝቅ ባለ ቁጥር ጀልባው ይረጋል። ጭነቱ ሁሉ በገመድ ከታሰረ በኋላ አስጎብኚዋ እያንዳንዱን ቋጠሮ በእጇ እየጎተተች ፈተሸች። አንዱን ፈትታ እንደገና ያሰረችው ምንም ሳትናገር ነው።

ጎረቤቴ ጀልባውን ዞረው አዩት፤ በመዳፋቸው ጎኑን መቱት። «ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ከታች ይረጥባል እንጂ አይገለበጥም። ይኸኛው ደረቅ ነው፤ ግን አይታመንም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ታንኳ ከደንገል እስር የተሠራ ሰፊ ነገር ስለሆነ ውኃ እየጠጣም ይንሳፈፋል፤ ካኑ ግን ባዶው ቀላል፣ ሆዱ ክብ፣ ሰው ድንገት ጎንበስ ሲልበት የሚያዘነብል ነው። አስጎብኚዋ ሁላችንንም በጉልበታችን እንድንንበረከክ ያደረገችን ለዚህ ነው። ፊት የሚቀመጠው ጉልበት ይሰጣል፣ ድንጋይ ያያል፤ ኋላ የሚቀመጠው አቅጣጫ ይይዛል። ኋላ ያለው መቅዘፊያውን ስቦ ሲጨርስ ጠርዙን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ካላደረገው ጀልባው በየስበቱ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል። ይህችን ትንሽ ጥምዘዛ ለመልመድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። «በክንድ አይደለም፣ በወገብ ነው» ስትል የዋለችው ደግሞ ማታ ትከሻችን ሲጠዘጥዘን በደንብ ገባን።

አስጎብኚ ማለት መንገድ የሚያሳይ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንዝ ላይ ባላስፈለገ ነበር፤ ወንዝ ራሱ መንገድ ነው። የዚህች ሴት ዕውቀት ያለው በውኃው ገጽ ላይ ነው። ከሩቅ ለእኔ አንድ ዓይነት ቡናማ ሸካራ ነገር የሚመስለኝን እሷ ቆማ ታየዋለች፤ ከዚያ እጇን አንሥታ አንድ አቅጣጫ ታሳያለች፤ ሁላችንም በዚያ እንሄዳለን። ከባድ ቦታ ስንደርስ ግን ዳር አስያዘችንና በእግራችን ሄደን እንድናይ አደረገችን። ከገደል የወረዱ የአሸዋ ድንጋዮች ውኃውን ከሁለት ሦስት ቦታ ከፍለውታል። ሁለት ድንጋዮች መሐል የሚያልፈው ውኃ ልስልስ ብሎ ጫፉን ወደ ታች ያደረገ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ በር ማለት እሱ ነው። ጫፉን ወደ ላይ፣ ወደ እኛ ያደረገው ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከሥሩ የተደበቀ ድንጋይ አለው። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውኃው ወደ ኋላ ዞሮ የሚተኛበት ቦታ አለ፤ ጀልባ እዚያ ገብቶ ያርፋል፣ ሰው ትንፋሹን ይሰበስባል።

ቀጥላ ከድንጋዩ ይልቅ የምትፈራውን ነገረችን። ከዳር ወድቆ ቅርንጫፎቹን ውኃ ውስጥ የነከረ ዛፍ አለ፤ ከብት አርቢዎች ወንዙን አሻግረው የሚዘረጉት ሽቦም አለ። በሁለቱም ውኃው ያልፋል፤ ሰውና ጀልባ ግን ይያዛሉ። የሚወድቅ ሰው እግሩን ወደ ታች፣ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ በጀርባው ይንሳፈፍ፤ ከጀልባው በታች በኩል በፍጹም አይገኝ። ውኃ የሞላ ካኑ ወደ አንድ ቶን ሊጠጋ ስለሚችል ሰውን ከድንጋይ ጋር ያጣብቃል። ይህን ሁሉ የተናገረችው ድምፅዋን ሳታነሣ ነው። ከዚያ በሩን በተራ በተራ አለፍን። ጎረቤቴ ከፊት ሆነው «ግራ! ግራ! ወደ ግራ በል ልጄ!» እያሉ በአማርኛ ሲጮኹ፣ ወዲያ ማዶ ድንጋይ ላይ ገመድ ይዛ የቆመችው አስጎብኚ ምን እንዳሉ ሳታውቅ እሷም ወደ ግራ እያመለከተች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ፕሬሪ የሚባለውን የሣር ሜዳ ነፋስ የሚያቆም ዛፍ የለም፤ ወንዙ በታጠፈ ቁጥር አንድ ጊዜ ከኋላ ይገፋል፣ አንድ ጊዜ ከፊት ይደነቅራል። ወንዙ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሸለቆው ከወንዙ እጅግ የሰፋ ስለሆነ ውኃው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይጠማዘዛል። ይህን ሸለቆ የቦረቦረው የዛሬው ወንዝ አይደለም፤ በበረዶው ዘመን ማብቂያ ከሚቀልጠው የበረዶ ግግር የወረደ ግዙፍ ጎርፍ ነው። ድንጋዩ ግን ከዚያም ይርቃል። ወደ 84 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የአሸዋ ድንጋይ የሰሜን አሜሪካን መሐል ይሸፍን የነበረ ባሕር ዳርቻ ነበር። በዚያ ድንጋይ ላይ ጭቃ በአፋቸው የሚያመላልሱ ትናንሽ ወፎች ጎጆአቸውን በመቶዎች ደርድረው ሠርተዋል። ጀልባ ከሥር ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብርር ይላሉ።

ካምፑን የተከልነው ኮተንዉድ የተባሉት ዛፎች በተሰበሰቡበት የወንዝ ዳር ለጥ ያለ ቦታ ነው። ዛፎቹ የማይገኙበት ዳርቻ ይበዛል፤ ምክንያቱን ለማወቅ መሬቱን ማየት ይበቃል። ኮተንዉድ በሰኔ ጥጥ የለበሰ ዘሩን ይበትናል። ያ ዘር ሕይወቱ አጭር ነው፤ ጎርፍ ጠርጎ ባራቆተው እርጥብ ደለል ላይ ካላረፈ አይበቅልም። ከበቀለ በኋላ ደግሞ ውኃው ቀስ እያለ መውረድ አለበት። በሌትብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስቱዋርት ሩድና ባልደረባው ጆን ማሆኒ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ውኃው በቀን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ የችግኙ ሥር አይደርስበትም፤ ችግኙም ይደርቃል። ውኃ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው፣ በየት በኩል ዛፍ እንደሚበቅል የሚወስነውም እሱ ነው። አስጎብኚዋ ከድንኳናችን አጠገብ ጣት የማታክል አንዲት ቡቃያ አግኝታ ሰው እንዳይረግጣት ዙሪያዋን በድንጋይ ከበበች።

ካምፕ ሥራ ነው። አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ ዕቃ ያወርዳል፣ አንዱ የእጅ መታጠቢያ ያዘጋጃል። የወንዝ ውኃ በባልዲ ተቀድቶ ሌሊቱን ይቀመጣል፤ ጠዋት ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ግራጫ ዝቃጭ ይገኛል፤ ከላይ የጠራው ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1805 ሜሪዌዘር ሉዊስ የዚህን ወንዝ አፍ ከሚዙሪ ላይ ሆኖ ሲያየው ወተት ጠብ የተደረገበት ሻይ መስሎት ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ብላክፉቶች ግን ትንሹ ወንዝ ይሉታል። ለመጸዳጃ የሚሆነው ክዳን ያለው ሣጥን አብሮ ተጭኖ መጥቷል፤ ተጭኖም ይመለሳል። በዚህ ደረቅ አገር የተቀበረ ነገር ቶሎ አይበሰብስም፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ያገኘዋል።

ማምሻውን ከካምፑ በላይ ወዳለው ሜዳ ወጣን። አስጎብኚዋ ጫማችንን አጥብቀን እንድናስር፣ እጃችንን ሳናይ ድንጋይ ላይ እንዳናሳርፍ አስጠነቀቀችን፤ ጭራውን እያንቀጫቀጨ የሚያስጠነቅቀው መርዛማ እባብ የዚህ ሸለቆ ነዋሪ ነው። ከሩቅ፣ በአሜሪካ በኩል፣ ስዊት ግራስ ሂልስ የሚባሉት ተራሮች ከሜዳው ድንገት ተነሥተው ይታያሉ። ለብላክፉቶች የተቀደሱ ናቸው። ጎረቤቴ አንድ ግራጫ ቁጥቋጦ ሲያዩ ቆሙ፤ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አቀረቡና «አሪቲ!» አሉ። አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። ሴጅብረሽ የተባለው ይህ ቁጥቋጦና የእኛ አሪቲ በሳይንሱ አርቴሚዥያ የሚባል የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው። ቅጠሉን በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። አስጎብኚዋ «ፓርኩ ውስጥ ከገባን በኋላ ቅጠልም ቢሆን አይነካም፤ እዚህ ግን ይሁን» አለቻቸው።

ከራት በኋላ ጎረቤቴ ቃሏን አስታወሷት። እሷም በዱላ አመዱ ላይ ሁለት መሥመር ሠራች።

አንደኛው መሥመር ሴይንት ሜሪ ነው። በሞንታና ከግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ በረዶና ዝናብ ጠግቦ ይነሣል፣ ወደ ሰሜን ወደ ካናዳ ይገባል፣ በመጨረሻ ሃድሰን ቤይ ይደርሳል። ሁለተኛው ሚልክ ሪቨር ነው። እሱም ከሞንታና፣ በአሜሪካ በኩል ብላክፊት ከሚባሉት ብላክፉቶች ይዞታ ተነሥቶ ወደ ካናዳ ይገባል፤ ግን የአልበርታን ደቡባዊ ጥግ ዞሮ መልሶ ሞንታና ይገባል። በሞንታና የታችኛው ክፍል ሃቭር፣ ቺኑክ፣ ሃርለም የሚባሉ ከተሞችና ብዙ የመስኖ ገበሬዎች አሉ፤ የእነሱ ወንዝ በበጋ ይደርቃል። ባለ ብዙ ውኃው ሴይንት ሜሪ ግን ጎናቸውን አልፎ ወደ ካናዳ ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ሴይንት ሜሪን ጠልፈው ወደ ሚልክ ሪቨር ለማዞር አሰቡ። መሬቱ ያስችላል፤ ሁለቱ ወንዞች መነሻቸው ላይ በጣም ይቀራረባሉ።

ካናዳ ግን የሴይንት ሜሪን ውኃ ለራሷ መስኖ ትጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 በካናዳ በኩል ሚልክ ሪቨርን ወደ ራሳቸው መሬት የሚያዞር ቦይ መቆፈር ጀመሩ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ እናንተ ሴይንት ሜሪን ብትወስዱ፣ ወደ እኛ መሬት የገባውን ሚልክ ሪቨርን ደግሞ እኛ እንወስዳለን። ያ ቦይ ብዙም ሳይሠራበት ቀረ፤ የእልህ ቦይ እየተባለ ዛሬም ይጠራል። ሥራው ግን ሁለቱን አገሮች ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ ያንን ሠርቷል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1909 አሜሪካና ለካናዳ የፈረመችው ብሪታንያ የድንበር ውኃዎች ውል የሚባለውን ተፈራረሙ። የውሉ 6ኛ አንቀጽ ስለ እነዚህ ሁለት ትንንሽ ወንዞች ብቻ ይናገራል። ለመስኖና ለኃይል ሲባል ሁለቱ እንደ አንድ ወንዝ ይቆጠራሉ፤ ውኃቸውም እኩል ይካፈላል። በመስኖው ወቅት ካናዳ ከሴይንት ሜሪ፣ አሜሪካ ደግሞ ከሚልክ ሪቨር በሰከንድ 500 ኪዩቢክ ጫማ፣ ወይም ከተፈጥሮ ፍሰቱ ሦስት አራተኛውን የመውሰድ ቅድሚያ አላቸው። አሜሪካ የሴይንት ሜሪ ድርሻዋን በሚልክ ሪቨር መኝታ በካናዳ መሬት አሳልፋ መልሳ አገሯ ማድረስ ትችላለች። እኛ የቀዘፍንበት ውኃ ያ ነው፤ በካናዳ መሬት እየተጓዘ ያለ የአሜሪካ ድርሻ። 47 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቦይ ውኃ ማሳለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። አከፋፈሉን የሚቆጣጠረው የጋራ ኮሚሽን በዚያው ውል የተቋቋመ ሲሆን፣ ዝርዝር መመሪያውን ያወጣው በ1921 ነው።

ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ሁለቱን እንደ አንድ ቆጠሩ?» ብለው ደግመው ጠየቁ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያዩ ያደጉ ሰው ይህን አንቀጽ እንደ ቀላል ነገር አይሰሙትም። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የዓባይን ውኃ በመላ ለሁለት ተካፍለው ሲፈራረሙ ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ አልነበረችም። እኔም ስለ ውኃ ክፍፍል የሚያወራ ሰው ሁሉ ይህን ትንሽ ወንዝ ቢያጠና ደስ ይለኛል። በዚህ ውል የላይኛውና የታችኛው አገር ቦታ ይቀያየራል፦ በአንዱ ወንዝ አሜሪካ ከላይ ናት፣ በሌላው ከላይም ከታችም ናት፣ ካናዳ ደግሞ መሐል። አንዱ ሌላውን ቢጎዳ ወዲያው ራሱ ይጎዳል። ለስምምነቱ ያበቃቸው በጎ ፈቃድ ብቻ አይመስለኝም፤ ሁለቱም የሌላውን ቧንቧ መዝጋት መቻላቸው ነው።

አስጎብኚዋ ግን ወሬው እዚያ እንዲያበቃ አልፈለገችም። ውሉ ሲፈረም ብላክፉቶች በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም፤ ቦዩ ደግሞ የተቆፈረው በብላክፊት ይዞታ ላይ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የዚያን ሕዝብ የውኃ መብት በሕግ ያጸደቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከታች ደግሞ የፎርት ቤልክናፕ ይዞታ አለ፤ የአኒኒንና የናኮዳ ሕዝቦች መሬት ነው። ከላያቸው ያሉ ሰፋሪዎች የሚልክ ሪቨርን ውኃ ሲጠልፉባቸው ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1908 ለአንድ ሕዝብ መሬት ሲከለልለት የሚያስፈልገው ውኃም አብሮ ተከልሏል ብሎ ወሰነ። ዊንተርስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ድረስ በምዕራብ አሜሪካ ያሉ ነባር ሕዝቦች የውኃ መብት መሠረት ነው። ያንን ሁሉ ያነሣሣው እኛ ዕቃ ያጠብንበት ይኸው ቡናማ ውኃ ነው።

ውል ቢጸናም ብረት ያረጃል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ቦዩ ከከፍታ ወደ ታች ውኃ ከሚያወርድባቸው የሲሚንቶ መውረጃዎች አንዱ ተደርምሶ ውኃው በመስኖው ወቅት መሐል ተቋረጠ። ጁን 17 ቀን 2024 ደግሞ የባሰው መጣ። የሴይንት ሜሪን ሸለቆ የሚሻገሩት ሁለት የብረት ቱቦዎች፣ ሰው ቆሞ ሊገባባቸው የሚችሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ ፈነዱ። ውኃው ኮረብታውን እየናደ ወረደ። ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹ ቱቦዎች በአዲስ እንዲተኩ ተደረገ። አስጎብኚዋ ያን ቀን ሌላ ቡድን ይዛ ወንዙ ላይ ነበረች። «ውኃው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ጠዋት ስነሣ ጀልባዎቹን ካሰርኩበት ዳር ውኃው ሸሽቷል። በማግስቱ ደግሞ የበለጠ። ሰዎቹን አውጥቼ የቀረውን የበጋ ጉዞ ሁሉ ሰረዝኩ» አለችን። የእሷ ኪሳራ ትንሽ ነው፤ በሞንታና ከ100 ሺህ ኤከር በላይ መሬት የሚያጠጡ ገበሬዎች ያን ዓመት ምን እንዳሳለፉ ማሰብ አያስቸግርም። ዓሣውም አለ። ድርቅ በበረታበት እ.ኤ.አ. በ2001 የወንዙ የታችኛው ክፍል ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ነበር፤ ከዚህ ወንዝ ውጭ በአልበርታ የማይገኙ ትናንሽ ዓሦች በእነዚያ ኩሬዎች ተጠራቅመው ነው ያሳለፉት።

ፓርኩ መቅረቡን የሚያስታውቁት ድንጋዮቹ ናቸው። ሁዱ የሚባሉት ምሰሶዎች ከወንዙ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ብረት የበዛበት ጠንካራ ድንጋይ ከላይ ሲከድናቸው ከሥር ያለው ለስላሳ አሸዋ ድንጋይ በዝናብ፣ በውርጭና በነፋስ ይበላል፤ ክዳኑ እስካለ ምሰሶው ይቆማል። እዚህ ያለው የአሸዋ ድንጋይ በአጥንት ወይም በድንጋይ ስለት ቢፈቀፈቅ ይታዘዛል፤ ብላክፉቶችና አባቶቻቸው ለሺዎች ዓመታት ሲጽፉበት የኖሩት ለዚህ ነው። ቦታውን አይሲናይፒ ይሉታል። በሺዎች የሚቆጠሩ የተቀረጹና በቀይ አፈር የተሳሉ ምስሎች አሉበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ምስሎቹ የሚበዙበት ክልል ውስጥ ያለ አስጎብኚ መግባት አይፈቀድም። የካኑ አስጎብኚያችን ጀልባውን ዳር ካወጣች በኋላ ኃላፊነቱን ለፓርኩ ሠራተኛ ሰጠችና እሷም እንደ እኛ ከኋላ ተከተለች። የሚመራን የብላክፉት ተወላጅ ወጣት ነበር። ቀደምት የሆኑት ምስሎች ትልቅ ክብ ጋሻ ይዘው በእግራቸው የቆሙ ተዋጊዎች ናቸው፤ ጋሻው ገላቸውን ይሸፍነዋል። ፈረስ ከመጣ በኋላ ጋሻው ያንሳል፣ ሰውየው ፈረስ ላይ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጠመንጃ ይታያል። ዓመተ ምሕረት ሳይጻፍበት የሚነበብ ታሪክ ነው። ወጣቱ ግን ይህ የታሪክ መዝገብ ብቻ እንዳልሆነ ነገረን። ሰዎች ጾመው፣ ብቻቸውን ሆነው፣ ራእይ ፍለጋ ወደዚህ ይመጡ ነበር፤ አሁንም ለጸሎት ይመጣሉ። ድንጋዩ ላይ የሚታየው ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው ብለው አያምኑም፤ መናፍስቱም ይጽፋሉ።

በአንዳንዱ ግድግዳ ላይ ከጥንቱ ምስል አጠገብ የእንግሊዝኛ ስሞች ተቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በዚህ ሸለቆ ሠፍሮ የነበረው የፈረሰኛ ፖሊስ አባላትና ከእነሱ በኋላ የመጡ ጎብኚዎች የጻፉት ነው። ጎረቤቴ አንዱን ስም በዓይናቸው እየተከተሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣቸው ቁጣዬ ነበር። ለሺህ ዓመታት ሰው እየጾመ በቀረበው ግድግዳ ላይ ስሙን ለመቅረጽ የደፈረ ሰው፣ ቦታው ባዶ መስሎት መሆን አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ያቆመን ግን አንድ አዲስ ቀረጻ ነው። በርድ ራትል የሚባሉ፣ ከብላክፉት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የፒካኒ ሽማግሌ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሞንታና፣ ሮላንድ ዊልኮምብ ከሚባል ሰውና ከሌሎች ጋር በመኪና ወደዚህ መጥተው ነበር። እዚሁ ተቀምጠው የመጡባቸውን መኪናዎች፣ ሰዎች ተጭነውባቸው፣ ድንጋዩ ላይ ቀረጹ። መንኮራኩሮቹ ክብ ናቸው፤ መሥመሩ ቀጭንና እርግጠኛ ነው፤ የተዘለለ ወይም የተደገመ ጭረት አይታይም። አያቶቻቸው ፈረስን በቀረጹበት አቀራረብ መኪናውን ቀርጸውታል።

ጎረቤቴ ወጣቱን ጠጋ ብለው «እኝህ ሰው ሲቀርጹ ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁት። «ሽማግሌ ነበሩ። ወጣትነታቸው በጎሽ አደን ዘመን ነው» አላቸው። ጎረቤቴ ቀጠሉ፤ ካልጋሪ ያሉት የልጅ ልጆቻቸው ይህን ማየት ይችሉ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት የሞላው ልጅ ካኑ ላይ እንደሚወጣ። ወጣቱ የፓርኩ ጉብኝት በበጋ ወራት እንደሚካሄድ፣ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ቀደም ብሎ መያዝ እንደሚገባ ነገራቸው። ስለ ካኑው የካኑ አስጎብኚያችን ከኋላ መለሰች፦ ልጆቹ ዋና ከቻሉና ላይፍ ጃኬቱ ከልካቸው ከሆነ ችግር የለውም፤ ቀኑ ግን ሰኔ ቢሆን ይሻላል፣ በሐምሌ መጨረሻ ውኃው የሚወሰነው በቦዩ ነው። ጎረቤቴ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤ አሪቲው አብሮ ወጣ። «እሺ፣ ለአራት ልጆች ያዥልኝ» አሏት፤ «እኔ ደግሞ አምስተኛ።»